«ኔትዎርክ የለም» ማለት ምን ማለት ነው?

ስለ ኮምፒዩተር መረብ መሠረታዊ ትምህርት
አዘጋጆች፦ ከኪራሙ አካባቢ የመጣን ሦስት ሠልጣኞች



ባለፈው ክረምት ከሦስታችን አንዱ ኪራሙ ከወላጆቹ ቤት ሆኖ ወደዚህ የሚመጣበትን ቀን ይጠባበቅ ነበር። የመሳፈሪያውን ገንዘብ አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሙ በአባቱ ስልክ ሊልክለት ተነጋግረው ጨርሰዋል። ታዲያ አባትየው ስልካቸውን ቢያዩት «ኔትዎርክ የለም» ሆነ። አንድ ቀን ጠበቁ፣ የለም። በማግሥቱ ኮረብታው ላይ ወጥተው ስልኩን ወደ ሰማይ እንዳነሡ ግማሽ ቀን ቆሙ፣ አሁንም የለም። በአካባቢያችን ሞገዱ አንዳንዴ እየመጣ አንዳንዴ ስለሚጠፋ የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ «ከላይ ነው የተቋረጠው» ብሎ ደመደመ። በአራተኛው ቀን ገበያ ላይ ጨው የሚሸጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስልኩን ተቀበለና አንዲት የአውሮፕላን ምልክት በጣቱ ነካ አደረጋት። መልእክቱ ተከታትሎ ገባ። ገንዘቡም ከሦስት ቀን በፊት ተልኮ ነበር። ጓደኛችን ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ደረሰ።

የሚያሳፍረው ነገር ምን መሰላችሁ? ጓደኛችን 12ኛ ክፍል የጨረሰ ነው። እሱም እንደ አባቱ ወደ ሰማይ ሲያይ ሰነበተ እንጂ ስልኩን አገላብጦ አላየም። እኛ ሁለታችንም ብንሆን ከዚህ የተለየ ነገር አናደርግም ነበር።

እንደሚታወቀው በየሄድንበት ይህን ቃል እንሰማለን። ስልክ ላይ «ኔትዎርክ የለም»፤ ባንክ ቤት «ሲስተም የለም»። ልክ «ዝናብ የለም» እንደሚባለው፣ ከሰው አቅም በላይ የሆነ ነገር አስመስለን እንናገረዋለን። ነገር ግን «አሞኛል» ማለት የበሽታ ስም እንዳልሆነ ሁሉ፣ «ኔትዎርክ የለም» ማለትም የአንድ ብልሽት ስም አይደለም። ሐኪም «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ብሎ እንደሚጠይቅ እኛም «የቱ ላይ ነው የተቋረጠው?» ብለን መጠየቅ አለብን። ነገ በየቀበሌው ስንመደብ ተማሪም ወላጅም መጥቶ የሚጠይቀው መምህሩን ነው። ስለሆነም መረብ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ሀ) መረብ ምንድን ነው?

ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ መሣሪያዎች በሽቦ፣ በፋይበር ወይም በአየር ሞገድ ተያይዘው፣ በጋራ ደንብ መልእክት ሲለዋወጡ ኔትዎርክ ወይም መረብ ይባላል። እንግዲህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ ማለት ነው፤ መሣሪያ፣ መንገድና ደንብ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መረብ የለም።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «ሲለዋወጡ» የሚለው ቃል ነው። መምህሮቻችን እንደሚያስታውሱት በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተሠራጨ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው መምህር ይናገራል፣ ተማሪው ይሰማል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ግን መምህሩ አያየውም። ይህ ሥርጭት ነው፤ መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሄዳል። የኮምፒዩተር መረብ ግን እጅ የሚወጣበትና መልስ የሚሰጥበት ክፍል ነው።

ለ) መልእክት ተቆራርጦ ይሄዳል

በአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው ሲሆን፣ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በእንዲህ ያለ መስመር ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ መስመሩ በሙሉ የእነሱ ነው። ዝም ብለው ቢተነፍሱ እንኳ ሌላ ሰው አይገባበትም። ጠባብ ድልድይ ላይ አንድ መኪና ብቻ ቆሞ እንደሚዘጋው ዓይነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ፖል ባራንና ብሪታንያዊው ዶናልድ ዴቪስ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ ወደ አንድ ሐሳብ ደረሱ። ሐሳቡም መልእክቱን ከመነሻው መቆራረጥ፣ ቁራጮቹን ቁጥር መስጠት፣ ከዚያም ክፍት በሆነው መንገድ ሁሉ መላክ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፓኬት ይባላል።

እንደ ምሳሌ 60 ገጽ ያለውን ደብተራችንን ከኪራሙ አዲስ አበባ ላለ ወንድማችን መላክ ብንፈልግ እንበል። ደብተሩን በሙሉ የሚይዝልን ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ገጾቹን ገንጥለን በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር እንጽፋለን፤ የላኪ አድራሻ፣ የተቀባይ አድራሻና የገጹ ቁጥር። ከዚያ ለሚጓዘው ሰው ሁሉ አንድ አንድ እንሰጣለን። ገጽ 7 ከገጽ 3 ቀድሞ ቢደርስ ችግር የለም፤ ወንድማችን በቁጥሩ ያስተካክለዋል። ገጽ 12 ከጠፋ «12ን ድገሙልኝ» ይላል። ደብተሩ በሙሉ አይደገምም።

በኢንተርኔት ላይ አንድ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ባይት አይበልጥም። በመሆኑም በስልክ የምንልከው 3 ሚሊዮን ባይት የሆነ ፎቶግራፍ ቢያንስ 2,000 ቦታ ተቆራርጦ ይጓዛል ማለት ነው። ሞገዱ ደካማ በሆነበት ቦታ አጭር የጽሑፍ መልእክት ቶሎ ሲያልፍ ፎቶግራፉ የሚንጠባጠበው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከ2,000ው ብዙዎቹ እየጠፉ እንደገና ይላካሉ።

በዚህ ዘዴ የተሠራው አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ መረብ የመጀመሪያውን መልእክት ያስተላለፈው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 ነው። ሊላክ የታሰበው «ሎግ ኢን» የሚለው ቃል ነበር። «ኤል» እና «ኦ» የተባሉት ሁለት ፊደሎች እንደደረሱ ግን መሣሪያው ተበላሸ። እንግዲህ የዓለም ትልቁ መረብ እንኳ ሥራውን የጀመረው በመቋረጥ ነው! በአገራችን ኢንተርኔት አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው።

ሐ) ፕሮቶኮል፣ የመነጋገሪያ ደንብ

ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ በቀጥታ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። «እንዴት አደርክ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?» ይባባላሉ። አንዱ በኦሮምኛ፣ ሌላው በትግርኛ ብቻ ቢናገር ድምፁ ይሰማል እንጂ አይግባቡም። መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ማን ቀድሞ ይናገራል? መልእክቱ በምን ቅርጽ ይጻፋል? አለመድረሱ በምን ይታወቃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች አስቀድሞ የተወሰነው ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል።

ዛሬ ኢንተርኔት የቆመባቸው ዋና ደንቦች ቲሲፒ እና አይፒ ይባላሉ። የደንቦቹን መሠረት ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፈው አወጡ። አርፓኔትም እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1983 ወደ እነዚሁ ደንቦች ተዛወረ። ሥራቸው የተከፋፈለ ነው።

አይፒ የአድራሻ ደንብ ነው። ፓኬቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ይናገራል፤ ስለ መድረሱ ግን ዋስ አይሆንም።

ቲሲፒ የመተማመኛ ደንብ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ቃል ያለው ሰላምታ አለው። አንደኛው «አለህ ወይ?» ይላል። ሁለተኛው «አለሁ፤ አንተስ ትሰማኛለህ?» ይላል። የመጀመሪያው «እሰማለሁ» ብሎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የደረሰውን እየቆጠረ፣ የጠፋውን እያስደገመ ይቀጥላል።

ዩዲፒ የሚባል ሌላም አለ። እሱ ሰላምታ አያውቅም። ገበያ መሐል ቆሞ እንደሚለፍፍ ሰው ነው፤ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማ አለፈው። በቀጥታ የድምፅ ንግግር ጊዜ ይጠቅማል። ምክንያቱም የጠፋችው አንዲት ቃል ዘግይታ ተመልሳ ብትመጣ ንግግሩን ታበላሸዋለች እንጂ አትጠቅመውም።

መ) አድራሻና ስም

በመረብ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ አድራሻ ያስፈልገዋል። የተለመደው የአይፒ አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይሆናል፤ ለምሳሌ 192.168.1.10። አራቱን ስናባዛ 256 × 256 × 256 × 256፣ ማለትም ወደ 4.3 ቢሊዮን አድራሻ ይገኛል። ይህ ለዓለም ሕዝብ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ በጣም ረጅም የሆነ አዲስ አድራሻ፣ ስድስተኛው አይፒ፣ ወጥቶ ከአሮጌው ጎን ለጎን እየሠራ ነው።

ታዲያ አሮጌው እስካሁን እንዴት አብቃቃ? የመኝታ ክፍላችንን እናስብ። «አልጋ ቁጥር 10» በየተቋሙ አለ። ግቢ ውስጥ «ለአልጋ ቁጥር 10» ብንል ይበቃል፤ ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ግን የተቋሙን አድራሻ ይፈልጋል። በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎችም እንደ አልጋ ቁጥር ናቸው። በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ይደጋገማሉ። ወደ ውጭ ሲወጣ በሩ ላይ ያለው ራውተር በራሱ አድራሻ ይልክና፣ መልሱ ሲመጣ «ይሄ የማን ነበር?» ብሎ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ይሰጣል።

በአንድ ግቢ ውስጥ ግን ሁለት ሰው አንድ አልጋ ቁጥር ሊይዝ አይችልም። ይህን ያወቅነው በጥፋታችን ነው። በኮምፒዩተር ክፍል ልምምድ ስናደርግ ሁለት ኮምፒዩተሮች ላይ 192.168.1.10 ብለን ጻፍን። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይቋረጣል፤ ኬብሉ ተበላሽቷል ብለን ሁለት ጊዜ ለወጥነው! መምህራችን መጥተው ቁጥሩን ወደ 11 ሲቀይሩት ሁለቱም ሠሩ። በሽታው ሽቦው ላይ ሳይሆን አድራሻው ላይ ነበር።

አድራሻው ወደ መሣሪያው ያደርሳል፤ በመሣሪያው ውስጥ ግን ብዙ ሥራ አለ። በአገራችን ደብዳቤ ወደ ፖስታ ቤት ከደረሰ በኋላ በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደሚለይ፣ ፓኬቱም በፖርት ቁጥር ይለያል። ለምሳሌ ተራ የድረ ገጽ አገልግሎት 80፣ የተመሠጠረው ደግሞ 443 ቁጥርን ይጠቀማል።

እኛ ግን ቁጥር ሳይሆን ስም ነው የምንጽፈው። ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ትልቅ መዝገብ ዲኤንኤስ ይባላል፤ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ዘዴ ነው። የኢትዮጵያ ስሞች «ነጥብ ኢቲ» በሚለው ያልቃሉ። ይህ መዝገብ ካልመለሰ መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ «ገጹ አልተገኘም» እንባላለን። የሰውየው ቤት አለ፣ መንገዱም አለ፤ ቤቱን የሚያሳየን ሰው ነው የጠፋው።

ሠ) ራውቲንግ፣ መንገድ መምረጥ

ራውተር ማለት በመንታ መንገድ ላይ የቆመ መንገድ ጠቋሚ ነው። የጉዞውን ሁሉ ካርታ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ቀጥሎ ለማን እንደሚያቀብል ማወቅ ይበቃዋል። ቀጣዩም ለቀጣዩ ያቀብላል።

ይህን በምናውቀው መንገድ እንሥራው። ከኪራሙ አዲስ አበባ ለመድረስ በጊዳ አያና በኩል እንወጣለን እንበል። ከዚያ ሦስት ምርጫ አለን። የመንገዱን ድካም በቁጥር እንስጠው። ቁጥሮቹን ለመልመጃ ያወጣናቸው እኛ ነን፤ የኪሎ ሜትር ልክ አይደሉም፤ የስልክ መስመር ካርታም አይደለም።

ከኪራሙ ጊዳ አያና 2፤ ከጊዳ አያና ነቀምቴ 4፤ ከነቀምቴ በባኮ አምቦ 5፤ ከአምቦ አዲስ አበባ 3።
ከነቀምቴ በበደሌ ጅማ 7፤ ከጅማ አዲስ አበባ 8።
ከጊዳ አያና ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ 6፤ ከቡሬ ደብረ ማርቆስ 3፤ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 7።

በአምቦ በኩል ስንደምር 2 + 4 + 5 + 3 = 14። በቡሬ በኩል 2 + 6 + 3 + 7 = 18። በጅማ በኩል 2 + 4 + 7 + 8 = 21። ስለዚህ ፓኬቱ በአምቦ ይሄዳል። እንዲህ አጭሩን መንገድ በሥርዓት የሚያወጣውን ስሌት የሆላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳትሞታል። ብዙ ራውተሮች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

አሁን በነቀምቴና በአምቦ መካከል ያለው መንገድ ተቋረጠ እንበል። ኪራሙ ያለው ፓኬት 18 ወደሆነው፣ ማለትም ወደ ቡሬ ይዞራል። አስቀድሞ ነቀምቴ የደረሰው ፓኬትስ? ተመልሶ በቡሬ ቢሄድ 4 + 6 + 3 + 7 = 20 ነው፤ በጅማ ግን 7 + 8 = 15። ስለዚህ እሱ በጅማ ይሄዳል። ራውተር ሁልጊዜ የሚያሰላው ከቆመበት ቦታ ተነሥቶ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጠቋሚዎቹ ይሳሳታሉ። ነቀምቴ «ወደ ባኮ ሂድ» ይላል፣ ባኮ «ወደ ነቀምቴ ተመለስ» ይላል፤ ፓኬቱ ሲመላለስ ይኖራል። ለዚህ መድኃኒቱ በፓኬቱ ላይ የሚጻፍ የዕድሜ ቁጥር ነው። በ64 ቢጀምር በየራውተሩ አንድ አንድ ይቀነሳል፤ ዜሮ ሲሆን ይጣላል። አለዚያ የጠፉ ፓኬቶች መንገዱን ሞልተው ሁሉንም ያቆሙት ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረን። ከኪራሙ ጊዳ አያና ያለችው፣ 2 ብለን የሰየምናት አጭር መንገድ ብትቋረጥስ? ቁጥሯ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በሠራነው ካርታ ላይ ከኪራሙ መውጫ እሷ ብቻ ናት። ከእሷ ወዲያ ሦስት መንገድ ቢኖርም ለኪራሙ አንድም አይጠቅመውም። የመረብ ጥንካሬ በመሐል ከተማው ባለው ብዙ መስመር ብቻ አይለካም፤ ዳር ያለው ሰው ስንት መውጫ አለው በሚለውም ጭምር እንጂ።

ይህ ለአገራችንም የሚሠራ ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የባሕር ውስጥ ኬብል በቀጥታ አይደርሳትም። ወደ ዓለም የሚወጣው ፋይበር በጂቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ያልፋል። በአገር ውስጥም እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የሞባይል አገልግሎት የሚሰጠው ድርጅት አንድ ብቻ ነበር።

መንገድም የሚዘጋው በብልሽት ብቻ አይደለም። ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ስልክም ኢንተርኔትም እንዲቋረጥ ተደርጎ ነበር። በእኛ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔቱ ተዘግቶ፣ በዋና ዋና ከተሞች ስልክና አጭር መልእክት ብቻ ይሠራ ነበር። አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ወደ ሦስት ወር መሆኑ ነው። ኮሮና አገራችን ገብቶ «እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራራቁ» የሚለው መልእክት ለእያንዳንዱ ሰው መድረስ በነበረበት ሰሞን ማለት ነው። እኛ ያኔ ልጆች ነበርን። ሩቅ ያለ ዘመዱ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ መንገደኛ የሚጠብቅ ሰው እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ የአውሮፕላኗን ምልክት መንካት ምንም አይፈይድም ነበር። ይህንንም ማወቅ የትምህርቱ ክፍል ነው፤ በእጃችን ያለውን ጥፋት «ከላይ ነው» እንዳንል፣ ከላይ የሆነውንም በእጃችን አለ ብለን ሰውን እንዳናደክም።

ረ) ጥበቃ

ፓኬት በብዙ እጅ ያልፋል ብለናል። እንግዲያው በመንገድ ላይ የሚያነበው ሰው ቢኖርስ? ያልተመሠጠረ መልእክት ፖስታ ውስጥ ያልገባ ደብዳቤ ነው፤ የያዘው ሁሉ ያነበዋል።

መፍትሔው ማመሥጠር ነው። ግን ሁለት ተራርቀው ያሉ ሰዎች ቁልፉን እንዴት ይሰጣጣሉ? ቁልፉንም በዚያው መንገድ ከላኩት ሌባው ይይዘዋል። ለዚህ ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ ዘዴ ይፋ አደረጉ። ሐሳቡን በጓጉንቸር ማስረዳት ይቻላል። እኔ የተከፈተ ጓጉንቸር እልክልሃለሁ፤ ቁልፉ ከእኔ ኪስ አይወጣም። አንተ ሣጥኑን በጓጉንቸሩ ቆልፈህ ትልካለህ። መቆለፍ ማንም ይችላል፤ መክፈት የምችለው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ዛሬ ኤችቲቲፒኤስ ተብሎ የሚጀምረው የገጽ አድራሻ በዚህ ዓይነት ዘዴ ይጠቀማል።

ነገር ግን ጥንቃቄ! መቆለፉ የሚነግረን በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንደማያነበው ነው። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ታማኝ ነው ማለት አይደለም። ከሌባ ጋርም ቢሆን በተቆለፈ ሣጥን መጻጻፍ ይቻላል።

ፋየርዎል የሚባለው ደግሞ የግቢ ዘበኛ ነው። በየትኛው በር ማን እንዲገባ የተፈቀደ መሆኑን እያየ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። ዘበኛ ለምን እንዳስፈለገ ያሳየ አንድ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የአሜሪካ ተማሪ የለቀቀው፣ ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን አንቆ ያዘ። ፕሮግራሙ ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ በቀላሉ የሚገመት የይለፍ ቃል ነበር።

ቀዳዳው ዛሬም ያው ነው። አንዲት ጓደኛችን ከወላጆቿ የመጣላት የወር ወጪ በስልኳ ገብቶ ነበር። አንድ ሰው ደወለና «እህቴ፣ ሽልማት ወጥቶልሻል፤ አሁን በመልእክት የምትደርስሽን ቁጥር አንብቢልኝ» አላት። አነበበችለት። በደቂቃ ውስጥ ገንዘቡ ሄደ። ምሥጠራው አልተሰበረም፤ ዘበኛውም አላንቀላፋም። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ የሰጠችው እሷው ናት። በዚህ አንስቅባት፤ ሁላችንም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ፦

በመልእክት የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነበብም። «ከመሥሪያ ቤቱ ነው የምደውለው» ላለ ሰውም ቢሆን።
የይለፍ ቃል ረጅም ይሁን፤ የትውልድ ዓመትና የራስ ስም አይሁን።
አንዱን የይለፍ ቃል ለሁሉም ቦታ አንጠቀም።
ወላጆቻችን ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ምሥጢር ቁጥራቸውን በቃል እንዲይዙ እናስተምራቸው እንጂ ስልኩ ጀርባ ላይ ጽፈን አንለጥፍላቸው።

ሰ) ስለዚህ «ኔትዎርክ የለም» ሲባል

ከቅርቡ ጀምረን ወደ ሩቁ እንጠይቅ፤ ቅደም ተከተሉን አንዝለል።

1ኛ. መሣሪያዬ ራሱ ደህና ነው? የአውሮፕላን ምልክት፣ ሲም ካርድ፣ ኬብል፣ ባትሪ።
2ኛ. አጠገቤ ያለው ሰውስ ይሠራለታል? ከሠራለት ችግሩ እኔው ዘንድ ነው።
3ኛ. ስልክ ይደወላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም? የዳታ መክፈቻውን፣ ቀጥሎም ጥቅሉ ማለቅ አለማለቁን እንይ።
4ኛ. የማይከፈተው አንድ ገጽ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? አንድ ብቻ ከሆነ ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ወይም የስም መዝገቡ ነው።
5ኛ. የሁላችንም ከጠፋ በአካባቢው መብራት አለ? የሞገድ ማማውም መብራት ይፈልጋል።
6ኛ. ሌላ ከተማ ያለ ሰውስ ምን ይላል? ሰፊ አካባቢ ከሆነ መንገዱ ራሱ ተቋርጧል፤ ያኔ ወደ ኮረብታ መውጣት ድካም ብቻ ነው።

አባትየው ኮረብታው ላይ ግማሽ ቀን የቆሙት 1ኛውን ሳይጠይቁ ወደ 6ኛው ስለዘለሉ ነው። ጨው ሻጩ ልጅ የበለጠን 1ኛውን በመጠየቁ ብቻ ነው። ከሁላችንም የተሻለ መምህር የሆነውም ስለዚሁ ነው።

መልመጃ

1. ፕላዝማ ቴሌቪዥንና የኮምፒዩተር መረብ በምን ይለያያሉ? ለ5ኛ ክፍል ተማሪ በሚገባ ቋንቋ አስረዱ።
2. ከላይ ባለው ካርታ በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ከተቋረጠ ቡሬ የደረሰ ፓኬት በየት በኩል ይሄዳል? ድምሩስ ስንት ነው?
3. ለኪራሙ ሁለተኛ መውጫ ብትጨምሩ ከየት ወደ የት ታደርጉታላችሁ? ለምን?
4. ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤት ፓኬትን፣ ቲሲፒንና የጠፋ ገጽ ማስደገምን በወረቀት ቁራጭና በተማሪዎች ብቻ የሚያሳይ የ40 ደቂቃ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጁ።

የአራተኛውን ጥያቄ መልስ ጽፋችሁ ብትሰጡን የተሻለውን ከዚሁ ጽሑፍ ጎን እንለጥፈዋለን። ስሕተት ያገኘ መምህር ወይም ሠልጣኝም በእርሳስ ዳር ላይ ቢያርምልን ደስ ይለናል። እኛም እንደ ቲሲፒ ነን፤ የጠፋውን ገጽ «ድገሙልን» ማለት አናፍርም።